«ተጠንቀቁ!» ማለት ብቻ አይበቃም

አዳማ ውስጥ በየሰፈሩ ስለ አደጋ ዝግጅት አሰለጥናለሁ። ስለ እንስሳት እያነሳሁ ሳስረዳ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ለአደጋ ስንዘጋጅ የምንሠራቸው ስህተቶች ግን ዛሬም ያው ናቸው።

በጣም የሚያናድደኝ «ተጠንቀቁ!» ብሎ ዝም ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬት ሲንቀጠቀጥ ንዝረቱ እኛም ጋ ይደርስ ነበር። አንድ ምሽት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ፣ አንዱ ኮሪደሩ ላይ «ኧረ ተጠንቀቁ!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ወደ ደረጃው ሮጠ። ልጅ ያቀፈች እናት ነጠላዋ የደረጃው ብረት ላይ ተይዞባት ከኋላ ይገፏታል። እኔም አሰልጣኙ አብሬ ሮጫለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጦጣ እንዲህ አታደርግም። ኬንያ አምቦሴሊ ውስጥ የተጠኑት ጦጣዎች ለነብር፣ ለንስርና ለእባብ የሚጮኹት ለየቅል ነው። የነብሩን ጩኸት ሲሰሙ ዛፍ ላይ ይወጣሉ፤ የንስሩን ሲሰሙ ሽቅብ አይተው ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባሉ፤ የእባቡን ሲሰሙ በሁለት እግራቸው ቆመው ሳሩን ይቃኛሉ። ጩኸቱ ራሱ ምን እንደሚደረግ ይናገራል። እኛም እንደዚያ እንጩህ። መሬት ሲንቀጠቀጥ «ጠረጴዛ ስር! ራስህን ሸፍን!»፤ ጎርፍ ሲመጣ «ወደ ላይ! ውሃውን እንዳትሻገሩ!»። በፍጥነት የሚወርድ ውሃ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ ትልቅ ሰው ይጥላል።

ሁለተኛው፣ ሁሉን ነገር አንድ ሰው እጅ ላይ ማስቀመጥ። አንድ ክረምት ከኮረብታው የወረደው ጎርፍ ሰፈር ሲገባ አካፋና ዶማው መጋዘን ተቆልፎበት ነበር፤ ቁልፍ ያዡ ደግሞ ለቅሶ ሄዷል። ሰው በሳህን ውሃ ሲቀዳ አየሁ። ኦክቶፐስ የሚባለው ባለ ስምንት ክንድ የባሕር እንስሳ ከነርቭ ሴሎቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ክንዶቹ ላይ ናቸው፤ ክንዱ የነካውን ነገር ጭንቅላቱን ሳይጠብቅ ይይዛል። ቁልፉን ቢያንስ ሦስት ጎረቤት ይያዝ፣ እንዲከፍቱም አስቀድሞ ይፈቀድላቸው።

ያለፈውን አደጋ ብቻ መጠበቅም አለ። ሁሉም ስለ መንቀጥቀጥ ሲያወራ ቦዩ በፌስታልና በሃይላንድ ተሞልቶ ከረመ። ክረምት ሳይገባ ጥረጉት።

«ከተፈጥሮ እንማር» ሲባል ሁሉንም መቅዳት የሚመስላቸው ጀማሪዎችም አሉ። ተፈጥሮ የሚማረው በብዙዎች ሞት ነው። እኛ ልምምድ አለን፤ መብራት አጥፍታችሁ፣ በሌሊት ሞክሩት።

የመጨረሻው፣ እድርን ለቀብር ብቻ መጥራት። አንዳንድ ግራሮች ለጉንዳን ማደሪያና ጣፋጭ ፈሳሽ ይሰጣሉ፤ ጉንዳኖቹ ደግሞ ቅጠሉን ሊበላ የመጣውን ዝሆን ይነክሳሉ። ዝምድናው ዝሆኑ ከመምጣቱ በፊት ያለ ነው። እድርም ድንኳን አለው፣ ለፋፊ አለው፣ የእያንዳንዱን ቤት ስም የያዘ መዝገብ አለው። እኛ ሰፈር መዝገቡ ላይ ከስሙ ጎን አንድ መስመር ጨምረናል፦ አልጋ ላይ የዋለ ሰው አለ ወይ? ማንስ ተሸክሞ ያወጣዋል?