የጓሮ ግሪንሃውስ ለምን ቶሎ ይበላሻል? ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

በጓሮአቸው ግሪንሃውስ (ብርሃን በሚያሳልፍ መሸፈኛ የተሠራ የተክል ማሳደጊያ ቤት) ሠርተው በዓመት ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ላስቲኩ የተቀደደባቸው ሰዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ ዓይነት ላስቲክ ገዝተው መልሰው ያለብሱታል። ገንዘቡ ሁለተኛ ከመውጣቱ በፊት ግን ጉዳቱ የደረሰበትን ቦታ በጥንቃቄ መመርመር ይገባል፤ መንስኤው ብዙ ጊዜ ከቦታው ይታወቃልና።

ላስቲኩ ሲሰነጣጠቅ

ላስቲኩ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆኖ፣ በእጅ ሲታጠፍ የሚፈረፈር ከሆነ ጥፋቱ የፀሐይ ነው፤ የተገዛውም ለግንባታ ሥራ የሚውለው ተራ ላስቲክ ሳይሆን አይቀርም። ተራው ላስቲክ በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለውን አልትራቫዮሌት ጨረር የሚቋቋም ንጥረ ነገር አልተጨመረበትም፤ ይህ ጨረር ደግሞ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ያህል ስለሚበረታ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ደጋማ ከተሞች ላስቲኩን በወራት ውስጥ ያደርቀዋል። ብዙዎች መፍትሔው ወፍራም ላስቲክ መግዛት ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ውፍረት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ወፍራሙም የግንባታ ላስቲክ ይፈረፈራል። መጠየቅ ያለበት ለግሪንሃውስ ተብሎ የተመረተ፣ ጨረር የሚቋቋም፣ 200 ማይክሮን (0.2 ሚሊ ሜትር) ውፍረት ያለው ላስቲክ ነው፤ በአግባቡ ከተወጠረ ሦስትና አራት ዓመት ያገለግላል። ሻጩ በጥቅሉ ላይ የታተመውን መግለጫ ማሳየት ካልቻለ አለመግዛት ይሻላል።

ስንጥቁ የብረቱን ቅስት ተከትሎ ብቻ የወጣ ከሆነ ግን ላስቲኩ ደህና ሊሆን ይችላል። በፀሐይ የጋለ ብረት የሚነካውን ላስቲክ ቀድሞ ስለሚያስረጀው፣ ብረቱን ነጭ ቀለም መቀባት ወይም ከመሸፈን በፊት በነጭ ጨርቅ መጠቅለል ያስፈልጋል። ቅዳዱ ከሚስማር ቀዳዳ የጀመረ ከሆነም ጥፋቱ የአያያዙ ነው፤ ላስቲኩን በሁለት ቀጫጭን ጣውላዎች መካከል አጣብቆ ሚስማሩን በጣውላው ላይ መምታት ነፋሱ የሚጎትተውን ኃይል በእኩል ያከፋፍለዋል። በብርድ ሰዓት የተወጠረ ላስቲክ ሲሞቅ ስለሚላላና በነፋስ ስለሚርገበገብ፣ ሥራው ነፋስ በሌለበት ሞቅ ባለ ሰዓት ቢሠራ ይመረጣል። በግሪንሃውሱ ውስጥ ለተክል በሽታ ድኝ የሚያጨሱ ወይም የሚረጩ ሰዎችም ድኙ የላስቲኩን የጨረር መከላከያ እንደሚያዳክም ማወቅ አለባቸው።

ውርጭ ወደ ውስጥ ሲገባ

እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ቀዝቃዛ አካባቢዎች በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት፣ ግሪንሃውስ ውስጥ ያለ ቲማቲም ቅጠሉ ጠቁሮ ሲያድር ባለቤቱ ዘሩን ይወቅሳል፤ ይህን ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ፤ ዘሩ ምንም ጥፋት የለበትምና። ተራ የፖሊኤቲሊን ላስቲክ መሬቱ በሌሊት የሚለቀውን ሙቀት ስለሚያሳልፍ፣ ሰማዩ በጠራና ነፋስ በሌለበት ሌሊት የውስጡ አየር ከውጭው የባሰ ሊቀዘቅዝ ይችላል። አዲስ ላስቲክ የሚገዛ ሰው ሙቀት እንዲይዝ ተደርጎ የተመረተውን ይምረጥ። የቀደመውን መቀየር የማይችል ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ በችግኞቹ ላይ ሁለተኛ ስስ ላስቲክ ከፍ አድርጎ ቢዘረጋ፣ ውኃ የሞሉ ጥቁር ጀሪካኖችንም በመደቦቹ መካከል ቢደረድር ብዙ ይረዳዋል። ውርጭ በየዓመቱ የሚያገኘው ቦታ ላይ ግን፣ አቅም ካለ፣ ባለ ሁለት ግድግዳ ፖሊካርቦኔት (በሁለቱ ገጾቹ መካከል ቦዮች ያሉት ጠንካራ፣ ብርሃን አሳላፊ የፕላስቲክ ሉህ) ነው የምመርጠው።

ፖሊካርቦኔቱ ሲደበዝዝ

ፖሊካርቦኔት ብዙ ዓመት የሚቆይ ቢሆንም የአገጣጠም ስሕተትን አይምርም። ቶሎ ቢጫ ከሆነ ጨረር የሚከላከለው ገጽ ወደ ውስጥ ዞሮ ተገጥሟል ማለት ነው፤ መከላከያው በአብዛኛው በአንድ ገጽ ብቻ ስላለ፣ ጽሑፍ ያለበት የፋብሪካ ሽፋን ከመላጡ በፊት የውጭው ገጽ ምልክት ሊደረግበት ይገባል። በውስጠኛ ቦዮቹ አረንጓዴ አልጌ ከታየ ቦዮቹ በአግድም ተቀምጠዋል ወይም ጫፋቸው ክፍት ቀርቷል፤ ከላይ ወደ ታች እንዲወርዱ አድርጎ የላይኛውን ጫፍ በአሉሚኒየም ቴፕ መድፈን፣ የታችኛውን ደግሞ አቧራ ከልክሎ እርጥበት በሚያሳልፍ ቴፕ መሸፈን ይገባል። በብሎኑ ዙሪያ ከተሰነጠቀ ቀዳዳው ጠቧል፤ 6 ሜትር ርዝመት ያለው ሉህ በ30 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚለጠጥ መላወሻ ይፈልጋል።

አበባው ሲረግፍ፣ ጣሪያው ሲያንጠባጥብ

እነዚህን ሁለቱን መሸፈኛ መቀየር ብቻውን አይፈውሳቸውም። በቀትር ሙቀት የቲማቲም አበባ የሚረግፈው አየር መውጫ ስላነሰ ነው፤ የሚከፈተው ቦታ ከወለሉ ስፋት 20 በመቶ ያህል ይሁን፤ ካልበቃም 30 በመቶ የሚያጠላ መረብ ይጨመር። ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ላስቲክ ተክሉ የሚፈልገውን ብርሃን ስለሚቀንስ አይመከርም። ጣሪያው ጠፍጣፋ ከሆነ ጤዛው እየተንጠባጠበ ቅጠሉን ለበሽታ ያጋልጠዋል፤ ስለዚህ ጤዛው በጎን እንዲወርድ በቂ ተዳፋት ይሠራለት።

ምሰሶው ሲያዘም

የባሕር ዛፍ ምሰሶ የሚበሰብሰውም ሆነ ምስጥ የሚበላው መሬት በሚነካበት ቦታ ነው። የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት የተለመደ ቢሆንም፣ የሚበላ አትክልት በሚበቅልበት አፈር አጠገብ ፈጽሞ አልስማማበትም፤ ምሰሶውን ከመሬት ከፍ ባለ ኮንክሪት ላይ በብረት ማሰር ይቻላል። ዚንክ የተቀባ ቱቦ ከእንጨት የተሻለ ነው፤ ሆኖም ብየዳ ዚንኩን ስለሚያቃጥለው የተበየደው ቦታ ሁሉ ወዲያው ጸረ ዝገት ቀለም መቀባት አለበት። መስታወት ለማልበስ ያሰበ ሰው ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር መስታወት በካሬ ሜትር 10 ኪሎ እንደሚመዝን አስቦ ምሰሶውን ያጠንክር፤ በክረምት በረዶ በሚጥልበት አካባቢ ግን ተራ መስታወት ጣሪያ ላይ አይውጣ።