የቆመ ፒካፕ የሚበላሸው በሚነሳበት ቀን ነው

በዚህ ወር ብቻ ሦስት ፒካፕ መጣልኝ። ሦስቱም ለዓመታት ግቢ ውስጥ የቆሙ ናቸው። ሲቆሙ ደህና ነበሩ። ቆመው በከረሙበት ጊዜም ያን ያህል አልተጎዱም። የተጎዱት ባለቤቶቻቸው ሊያስነሷቸው በሞከሩባት በዚያች አንድ ከሰዓት ነው። ሦስተኛው እየተጎተተ ጋራዡ በር ላይ ሲደርስ አንጀቴ አረረና ይህን ልጻፍ አልኩ።

አዳማ ውስጥ የቆመ ሃይሉክስ የሌለበት ሰፈር ያለ አይመስለኝም። አባት ያርፋል፣ ውርሱ እስኪጠራ መኪናው ግቢ ይቀራል። ወይ ባለቤቱ ውጭ ይሄዳል። ወይ አንድ ዕቃ ይጠፋና «ሲገኝ እናሠራዋለን» እየተባለ ዓመት ዓመትን ይተካል። አሁን የመኪና ዋጋ ሰማይ ሲነካ ሁሉም ወደ ጓሮው ዞሮ ሸራውን መግለጥ ጀመረ። ደስ ይላል። እነዚህ መኪኖች ይነሳሉ። አሥራ አንድ ዓመት ቆሞ የከረመ አስነስቻለሁ፣ ዛሬም ጭነት ይሠራል። ግን አካሄድ አለው።

የምጽፈው በደንብ ስለማውቀው ስለ አሮጌው ናፍታ ሃይሉክስ ነው፤ 2ኤል ወይም 3ኤል ሞተር ስላለው። ሌላ መኪና ያላችሁም አብዛኛው ይሠራላችኋል።

«አንዴ ቁልፉን ልሞክረው»

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ አትሞክሩት። አንዴም ቢሆን። ባትሪ ተውሳችሁም፣ ገፍታችሁም፣ ጎትታችሁም አትሞክሩት።

ሞተር ሲቆም ዘይቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። በዓመቱ የሲሊንደሩ ግድግዳ ደረቅ ብረት ነው። እርጥበት ገብቶ ከሆነ ደግሞ የፒስተኑ ቀለበት ከግድግዳው ጋር በዝገት ይያያዛል። ናፍታ ሞተር አየሩን ከሃያ እጥፍ በላይ የሚያምቅ ሞተር ነው፤ እንዲህ ያለውን ሞተር ደረቅ ሆኖ በጉልበት ማዞር ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ይባስ ብሎ የ2ኤል እና የ3ኤል ታይሚንግ ቺንጋ፣ ቫልቮቹና ፒስተኖቹ እኩል እንዲሄዱ የሚያደርገው ቀበቶ፣ ጎማ ነው። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል ይባላል፣ ጎማ ግን ሳይነዳም ያረጃል። ቆሞ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። እሱ ከተበጠሰ ወይም ጥርሱ ከተላጠ ቫልቮቹ ክፍት በሆኑበት ፒስተኑ ከታች መጥቶ ይመታቸዋል። ያኔ ቴስታታ፣ የሞተሩ ራስ፣ ይወርዳል። አለቀ።

ከሦስቱ አንዱ የመጣው ከፍራንኮ አካባቢ ነው። ያመጣው ልጅ አባት መኪና ነው፤ ሰውየው ከመቂ ሽንኩርት እያመጡ ልጆቻቸውን ያሳደጉበት። ከማንጎ ዛፍ ሥር ሰባት ዓመት ቆሟል። ልጁ የሰፈሩን ጎረምሶች ሰብስቦ፣ በአንድ አይሱዙ ገመድ አስሮ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ አስጎተተው። የኋላ ጎማዎቹ አልዞር ብለው አፈሩን እየቦጨቁ ተንሸራተቱ። እዚህ ላይ ሞተሩ እየተናገረ ነበር። «ይዞኛል፣ ተዉኝ» ነው የሚለው። እነሱ ግን ክብደት ያነሰው መስሏቸው ስድስት ኬሻ አሸዋ ጫኑበት፣ ሁለት ልጅ ደግሞ ከላይ ወጣ። ድጋሚ ጎተቱት። አሁን ዞረ። አንድ ሁለቴ ዞረና ጧ አለ።

ስከፍተው የቺንጋው ጥርስ ተላጦ ተከምሯል። ስድስት ቫልቭ ተጣሟል፣ አንዱ ፒስተን ተሰንጥቋል። ልጁ አጠገቤ ቆሞ «አባዬ በእጁ ነበር የሚያጥበው» አለኝ። ምን ልበለው? አንድ ቀን ቀድሞ ቢደውልልኝ ኖሮ ግማሽ ሊትር ዘይት እና ሁለት ሌሊት ነበር የሚፈልገው።

ሥራው ይኸው። አራቱንም ማሞቂያ ካንዴላዎች ፍቱ። በየቀዳዳው ንጹህ የሞተር ዘይት ጨምሩ፣ ለእያንዳንዱ ከግማሽ የቡና ስኒ አይበልጥም። አሳድሩት፣ ሁለት ቀን ከሆነ ደግሞ የተሻለ። ከዚያ ማርሹን ዜሮ አድርጋችሁ ሞተሩ ፊት ያለውን የትልቁን ፑሌጃ ብሎን በረጅም እጀታ ቁልፍ ያዙና በእጅ አዙሩ፤ ከፊት ለፊት ቆማችሁ ስታዩት ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ። ቀስ ብላችሁ። ሁለት ሙሉ ዙር ያለ ምንም መንገጫገጭ ከዞረ ግማሹ ጭንቀት ወርዷል። አልዞር ካለ አታስገድዱት፤ ዘይት ጨምሩና ሌላ ሌሊት ስጡት።

ከዚያ የቺንጋውን ሽፋን ክፈቱና ቺንጋውን ለውጡ። «ደህና ይመስላል» የሚባል ነገር የለም። የሚወጥረውን ኩሽኔታም አብራችሁ። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ በር፣ ያገለገለ ፓራፋንጎ፣ ሌላው ቀርቶ ያገለገለ ካምቢዮ ግዙ፣ አልቃወምም። ያገለገለ ታይሚንግ ቺንጋ ግን ለጠላቴም አልመክርም።

ዘይትና ፊልትሮ ሳትቀይሩ አትቀጥሉ። አሁን ካንዴላዎቹ እንደወጡ ናፍታ የሚዘጋውን ቫልቭ ሽቦ ከናፍታ ፖምፓው ላይ ነቅላችሁ በሞተሪኖ፣ በማስነሻው ሞተር፣ አዙሩት። ቀዳዳዎቹ ላይ ጨርቅ ጣል አድርጉ፣ ፊታችሁንም አርቁ፤ ያፈሰሳችሁት ዘይት ይተፋል። የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በአጭር በአጭሩ ነው፣ ሞተሪኖውም ያርፋል። ካንዴላዎቹን የምትመልሱት ዘይቱ ተተፍቶ ካለቀ በኋላ ብቻ ነው። ፈሳሽ አይታመቅም። ሲሊንደር ውስጥ ዘይት ተኝቶ ካንዴላ ከተዘጋ ቤላውን፣ ፒስተኑን የሚይዘውን ዘንግ፣ ያጣምማል።

ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ሁለት ሦስት ቀን ይፈጅበታል። መኪናው ሰባት ዓመት ጠብቋል። ሦስት ቀን መጠበቅ አያቅተውም።

«ግማሽ ሰልቫትዮ ናፍታ አለው እኮ»

የነዳጅ ሰልፍ የት እንደሚደርስ አውቃለሁ፣ እኔም ተሰልፌአለሁ። ናፍታ መድፋት ያማል። ግን ያ ናፍታ ናፍታ አይደለም። ሰልቫትዮው፣ የናፍታው ማጠራቀሚያ፣ ውስጥ ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ የአየሩ እርጥበት ውሃ ሆኖ ከታች ይተኛል። በውሃውና በናፍታው መገናኛ ላይ ባክቴሪያ ያድጋል። ጥቁር አተላ፣ እንደ ጭቃ የሚያዳልጥ። ይህ ወደ ፖምፓው ከገባ ሌላ መዘዝ ነው፤ የእነዚህ ሞተሮች ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በሚያልፍበት ናፍታ ነው፣ ሌላ ዘይት የለውም። ውሃ ሲያልፍበት ብረት ብረትን ይበላል።

አዲስ ናፍታ ከላይ መጨመር መፍትሔ አይደለም። አተላውን መበጥበጥ ነው። ከታች ፍቱና ሙሉ በሙሉ አፍስሱት፣ ሰልቫትዮውን አውርዳችሁ እጠቡት፣ ፊልትሮውን ቀይሩ፣ ከዚያ ፊልትሮው ላይ ባለው የእጅ ፖምፓ እስኪጠነክር ድረስ እየጫናችሁ አየር አውጡ። እስከዚያ ድረስ መጀመሪያ ከንጹህ ጀሪካን በቱቦ አስነሱት። እኔ ሁሌም እንደዚያ ነው የማደርገው።

በነገራችን ላይ፣ ቤንዚን በጨርቅ ነክሮ የአየር መግቢያው ላይ መያዝ የሚባለውን ተዉት። ማሞቂያ ካንዴላው ግሎ ሳለ የቤንዚን እንፋሎት ቀድሞ ይነዳል። እጁ የተቃጠለ ልጅ አይቻለሁ።

ባትሪ

አይሱዙ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና 24 ቮልት ነው። ፒካፓችሁ 12 ነው። ይህን በየሳምንቱ ነው የምናገረው። ጎረቤት አይሱዙ ስላለው ብቻ ገመድ አታገናኙ። ወንጂ ማዞሪያ አካባቢ አንድ ጊዜ ተጠርቼ ስደርስ የዲናሞው ሽታ ከመንገዱ ማዶ ይሰማ ነበር። አምፖሎቹ በሙሉ ሄደዋል፣ ከክሩስኮቱ ጀርባ ያለው ሽቦ ቀልጧል።

የራሱ የድሮ ባትሪ ደግሞ ዓመታት ባዶ ሆኖ ከቆየ ሞቷል። የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያነባል። ሲሞላ አድሮ ጠዋት ከ12 በታች ከሆነ አትድከሙበት።

አይጥ

ኮፈኑን እንደከፈታችሁ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ቤት ፍቱ። ውስጡ የአይጥ ጎጆ ሊሆን ይችላል። የተበላ ሽቦም ፈልጉ። የጭስ ማውጫውንም እዩ፣ ተርብ ይሠራበታል። የአዳማ ነፋስ ደግሞ የሚታወቅ ነው፤ ከከተማው በላይ ተርባይኖቹ የቆሙት ያለ ነገር አይደለም። ሰባት ዓመት አቧራ ያልደፋበት ቀዳዳ የለም።

ውሃ

የራዲያተሩን የድሮ ውሃ አፍስሱ። ቡናማ ከሆነ ጥርት እስኪል እጠቡ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ጨው አለውና እሱን ራዲያተር ውስጥ አትጨምሩ። ቱቦዎቹን በእጃችሁ ጨመቅ አድርጉ፤ እንደ ደረቅ እንጀራ የሚሰነጠቀውን ቀይሩ።

አሁን ደግሞ ሆድ የሚያስብሰኝ ነገር። «ቴርሞስታቱን አውጣው፣ አገራችን ሞቃት ነው» የሚል ደንበኛ። ከደንበኛ ይልቅ «አውጣው» የሚል መካኒክ ደግሞ የበለጠ ያሳዝነኛል። ቴርሞስታት ሞተሩ ቶሎ ሞቆ በትክክለኛው ሙቀት እንዲሠራ ነው የተቀመጠው፣ ለበረዶ አገር ብቻ አይደለም። ቀዝቃዛ ሆኖ የሚሠራ ናፍታ ሞተር ናፍታ ይበላል፣ ያጨሳል፣ ቶሎ ያልቃል። ቆሞ የከረመ ቴርሞስታት ዝጎ ይዘጋል፣ እውነት ነው። ስለዚህ አዲስ አስገቡ። ድስት ውስጥ ውሃ አፍልታችሁ ሲከፈት አይታችሁ አስገቡት።

የራዲያተሩን ክዳንም አትናቁ። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፣ ውሃ እዚህ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ95 ገደማ ይፈላል። ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ግፊቱን የሚይዘው ያ ክዳን ነው። ጎማው ከደረቀ ግፊት የለም። የሙቀት ችግር ብለው ቴስታታ ያስወረዱ ሰዎች አውቃለሁ፣ ጥፋቱ የክዳኑ ነበር።

ፍሬን፣ እኔ ያጠፋሁት

ገና ተለማማጅ ሳለሁ ነው። አራት ዓመት የቆመ ፒካፕ ከጌታዬ ጋር ሦስት ቀን ለፋንበትና ተነሳ። ጌታዬ ለምሳ ወጥቷል። ሞተሩ ሲሠራ የሰማሁት ደስታ ዛሬም ይሰማኛል። ሳልጠይቅ ማርሽ አስገብቼ ወደ በሩ ነዳሁት። ቁልቁል ነው። ፍሬኑን ስረግጥ ፔዳሉ ወለል ነካ። እጅ ፍሬኑን ስስብ ገመዱ ባዶ መጣ። የሰው የባሕር ዛፍ አጥር ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። ማንም አልተጎዳም። ግን ከደቂቃዎች በፊት እዚያው አጥር ሥር ሦስት ሕፃናት ብይ ይጫወቱ ነበር። እናታቸው ለምሳ ጠርታቸው ነው የተነሱት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቆመ መኪና ሲመጣልኝ ሞተሩን ከመንካቴ በፊት አራቱን ጎማ አወርዳለሁ።

የፍሬን ዘይት ከአየር ውሃ ይመጥጣል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ከ200 ዲግሪ በላይ ነው የሚፈላው፣ ውሃ ሲጠጣ ወደ 140 ይወርዳል። ከአሰላ ወደ አዳማ ቁልቁለቱን ጭነት ይዞ የወረደ ሰው ፍሬን ምን ያህል እንደሚግል ያውቃል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፣ ፔዳሉም ከእግራችሁ ሥር ይጠፋል። ስለዚህ የድሮውን በሙሉ አውጡት። የፍሬኑን ታምቡር ስትከፍቱ የፍሬን ሸራው ተጣብቆ ካገኛችሁት በመዶሻ አትደብድቡት፣ ዙሪያውን ቀስ ብላችሁ እያንኳኳችሁ አስለቅቁት። ውስጥ ያሉት ትናንሽ ሲሊንደሮች ዝገው ከሆነ አዲስ ግዙ፤ ጎማቸውን ብቻ መቀየር ለሁለት ሳምንት ነው። አየር ስታወጡ ከኋላ አክሰል በላይ ያለችውን፣ በጭነቱ ልክ የፍሬኑን ኃይል የምትመጥነውን ቫልቭ አትርሱ። እሷም የራሷ ማስወጫ አላት። «ፍሬኑ አልጠነክር አለ» ከሚሉኝ መካከል ብዙዎቹ የረሱት እሷን ነው።

ጎማ

ጥርሱ ሙሉ ነው ብላችሁ አትታለሉ። ጎኑ ላይ በትንሽ ሞላላ ሳጥን ውስጥ አራት አኃዝ አለ። 2314 ካለ በ2014 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ተሠራ ማለት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ጎኑ የተሰነጠቀ የአሥር ዓመት ጎማ ይዛችሁ ፈጣን መንገዱ ላይ አትውጡ።

የመጀመሪያዋ ቀን

ተነሳ ማለት ሶደሬ ይሂድ ማለት አይደለም። ቦሎውና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ ካለፈበት መጀመሪያ እሱን ጨርሱ። ከዚያ በሰፈር ውስጥ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሃያ ደቂቃ። ቁሙና አራቱንም ቸርኬ በመዳፍ ነካ ነካ አድርጉ፤ አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚፋጅ ከሆነ ፍሬኑ ይዞ አልለቀቀም። የጎማ ብሎኖቹን እንደገና አጥብቁ። ማታ ሞተሩ ሥር ሰፊ ካርቶን አንጥፉና ጠዋት አውጥታችሁ እዩት። ጥቁር ከሆነ የሞተር ዘይት ነው። ናፍታ በሽታው ይታወቃል፣ ብዙ ጊዜ ከፖምፓው ሥር ነው፤ የደረቀ ጎማ ውስጡ ስላለ በመጀመሪያው ሳምንት ሊያፈስ ይችላል። ከአንዱ ጎማ ጀርባ እርጥብ ካያችሁ ግን የፍሬን ዘይት ነውና ያን ቀን መኪናውን አታንቀሳቅሱት።