ሥራ በፈታ ዲሽ አማተር ራዲዮ መስማት

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ዲሽ እተክላለሁ፣ ሪሲቨር እጠግናለሁ። አማተር ራዲዮ፣ ማለትም ለትርፍ ሳይሆን ለፍቅሩ በራዲዮ መነጋገር፣ የሚያምራቸው ልጆች ሱቄ ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ የራዲዮ ዋጋ ነው። እኔ ደግሞ «ጣሪያችሁ ላይ ሥራ የፈታ ዲሽ አለ?» እላቸዋለሁ። ድሬ ውስጥ ይሄ አይጠፋም።

በ2018 እ.ኤ.አ. የመጠቀው የኳታር ሳተላይት፣ ኢስሃይል 2፣ የአማተሮች መገናኛም ተጭኖበታል። ኪውኦ-100 ይባላል። ከብራዚል እስከ ታይላንድ ይሸፍናል፤ እኛም ውስጡ ነን። የሚገኘው 26 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ፣ ባድር የሚባለው የቲቪ ሳተላይት ያለበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሪሲቨሩ ላይ ባድርን መርጣችሁ ፈልጉት። ከድሬ አቅጣጫው ደቡብ ምዕራብ ነው፣ ከፍታው 68 ዲግሪ ገደማ። ብዙ ሰው የሚረሳው ኤልኤንቢውን (ዲሹ ፊት ያለውን ምልክት ተቀባይ) ማዞር ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ቀጥ ብሎ ከቆመ አይሆንም፤ ወደ 58 ዲግሪ ማዘንበል አለበት። ብሎኑን አላሉና ጥራቱን እያያችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት።

ቀጥሎ ላፕቶፕን ራዲዮ መቀበያ የሚያደርገው፣ አርቲኤል-ኤስዲአር የሚባለው ዶንግል ያስፈልጋል። ፍላሽ ያክላል፣ ላፕቶፕ ላይ ይሰካል። ታይዋን ገበያ ካጣችሁት ከውጭ ለሚመጣ ሰው ንገሩ።

አሁን ጥንቃቄ። ከሁለት መውጫዎቹ በአንዱ ብቻ ኃይል የሚያሳልፍ የዲሽ ስፕሊተር ግዙ። ሪሲቨሩን ኃይል በሚያሳልፈው፣ ዶንግሉን በሌላው በኩል አገናኙ። ሪሲቨሩን ከ11700 ሜጋኸርዝ በታች የሆነ «ቪ» (ቨርቲካል) ቻናል ላይ ተዉት፤ ኤልኤንቢው ኃይል የሚያገኘው ከእሱ ነው። ዶንግሉን ከመሰካታችሁ በፊት ግን መውጫውን በቴስተር ለኩ። ዜሮ ካላሳየ እንዳትሰኩ! 13 ቮልት ዶንግሉን ያቃጥለዋል።

ሳተላይቱ የሚልከው 10489.75 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። ኤልኤንቢው 9750 ስለሚቀንስበት ላፕቶፑ ላይ 739.75 ሆኖ ይመጣል። ኤስዲአር ሻርፕ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱና እዚያ ሂዱ። ሞዱን «ዩኤስቢ» አድርጉት፤ የሞድ ስም ነው፣ ከመሰኪያው ጋር አይገናኝም። ኤልኤንቢ ሲሞቅ ፍሪኩዌንሲው ይንሸራተታል፣ በድሬ ፀሐይማ ይብሳል። ስለዚህ ወዲህ ወዲያ ፈልጉ። ድምፁ ሲቀጥን ወይም ሲጎረንን በጥቂት በጥቂቱ አስተካክሉ፤ ድንገት ጥርት ያለ የሰው ንግግር ይሆናል። እኔ እስካሁን ደስ ይለኛል።

ደብተር ያዙ። የአማተሮቹ የመጥሪያ ስም መጀመሪያ አገራቸውን ይነግራችኋል፦ ኤ7 ኳታር፣ ኤ4 ኦማን፣ 5ዜድ ኬንያ፣ ኢቲ የኛው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የክለብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ነው። ለማሰራጨት ግን ፈቃድ የግድ ነው። ያለ ፈቃድ ማይክ አትንኩ።

ዲሽ የሌላችሁም አትቅሩ። ለዚያው ዶንግል እያንዳንዳቸው 49 ሳንቲሜትር የሆኑ ሁለት ሽቦዎች አንቴና ይሆኑታል። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በላያችን ሲያልፍ 145.800 ሜጋኸርዝ ላይ በኤፍኤም ጠብቁ። ቢበዛ 10 ደቂቃ ያህል ነው የሚቆየው፣ ሁልጊዜም አያወራም። የሚያልፍበትን ሰዓት አስቀድማችሁ በስልካችሁ እዩ።