የመኪና መግቢያ ኮንክሪት፦ በካሬ ስንት ከማለትዎ በፊት

ግቢ ውስጥ የመኪና መግቢያ ለማስደረግ ዋጋ ሲጠይቁ የሚነገርዎት የካሬ ሒሳብ ብዙ ጊዜ የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። ቁፋሮው፣ አፈር ማስወጣቱና ሰሌክቱ (ከኮንክሪቱ ሥር ተሞልቶ የሚጠቀጠቀው የተመረጠ አፈር) ይካተት እንደሆነ በጽሑፍ ያስቀምጡ። ወጪው የሚያመልጠው እዚያ ላይ ነው።

3 በ10 ሜትር ለሆነ መግቢያ፣ በ10 ሳ.ሜ ውፍረት፣ 3 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይበቃል። ለሲ-25 (የኮንክሪት ጥንካሬ ደረጃ ነው) ብክነቱን ጨምሮ 12 ኩንታል ሲሚንቶ (ባለ 50 ኪሎው 24 ከረጢት)፣ 1.5 ሜትር ኩብ አሸዋ፣ 2.5 ሜትር ኩብ 02 የሚባለውን ጠጠር ይያዙ። ባለ 8 ሚ.ሜ ፌሮ በ20 ሳ.ሜ ርቀት ከታሰረ 30 ቤርጋ (ባለ 12 ሜትር ዘንግ) ገደማ ይፈጃል። ከሥር ተጠቅጥቆ 15 ሳ.ሜ የሚሆን ሰሌክት ያስፈልጋል፤ ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ 6 ሜትር ኩብ ይዘዙ።

መሬቱ መረሬ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ከሆነ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ኮንክሪቱንም ይዞት ይነሳል። ስለዚህ ጠለቅ አድርጎ ቆፍሮ በሰሌክት መተካት ግድ ነው። ፌሮ መጨመር ይህን አይፈታም (ባለሙያው ቢምልም)።

ቁልቁለቱ በየሜትሩ 2 ሳ.ሜ፣ ከቤቱ ወደ ውጭ። በየ2.5 ሜትሩ መገጣጠሚያ ይተው፤ አለዚያ ስንጥቁ ራሱ ቦታ ይመርጣል። ኮንክሪቱን የሚያቦካው ሠራተኛ ሥራው ቀለል እንዲለው ውሃ ካበዛ ያስቁሙት፣ ጥንካሬው ይወርዳል። ሰባት ቀን ውሃ ያጠጡ፤ የቤት መኪና ከዚያ በኋላ፣ አይሱዙ ከ28 ቀን በኋላ ይግባ።