ስሜን ተራሮች አፋፍ ላይ ስትጓዙ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ስሜን ድረስ ሄዶ ጉም ብቻ አይቶ የተመለሰ ሰው ሳገኝ ያንገበግበኛል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሰዓት ነው።

እሜት ጎጎን እንውሰድ። 3,926 ሜትር ላይ ያለ፣ በሦስት በኩል ገደል የከበበው ጫፍ ነው። ከግጭ ካምፕ ሁለት ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። ብዙ ሰው ግን ቁርሱን ተዝናንቶ በልቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ረፋድ ላይ ይነሳል። ፀሐይ ስትበረታ የቆላው ሞቃት አየር ገደሉን ይዞ ሽቅብ ይወጣል። ከፍ ሲል ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። እናንተ ስትደርሱ ፊታችሁ ላይ ነጭ ግድግዳ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መንገድ ጀምሩ። ያኔ ቆላው እስከ ሩቅ ወለል ብሎ ይታያል።

ሌላው ከባድ ስህተት ጥድፊያ ነው። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጨነቅ ካምፕ ደግሞ 3,600 ሜትር አካባቢ። በመኪና ይሄን ሁሉ በአንድ ቀን ወጥቶ፣ በማግስቱ 4,400 ሜትር የሚያልፈውን የቧሂት ተራራ ልውጣ የሚል አለ። «እኛ ደገኞች ነን፣ ከፍታ አይነካንም» የሚለውን ወሬ እባካችሁ ተዉት። አዲስ አበባ መኖር ትንሽ ያግዛል እንጂ አያድንም። አንድ ሌሊት ደባርቅ ከተማ ወይም ሳንቃ በር ካምፕ እደሩ፤ ከዚያ ከሳንቃ በር በእግር ወደ ግጭ ውጡ። መንገዱ በጅንባር ፏፏቴ አቅራቢያ ያልፋል፣ በመኪና ያለፈ ሰው የሚያጣው ይሄን ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ ከፍታ አትጨምሩ። ከባሰ፣ ቁጭ ብላችሁም ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይም ስትራመዱ ከተንገዳገዳችሁ፣ ሌሊትም ቢሆን ውረዱ።

ስለ ገደሉ ጠርዝ አንድ ነገር ላሳያችሁ። አንድ ጊዜ ለፎቶ ወደ አፋፉ ስንጠጋ ስካውታችን፣ ማለትም አብሮን የሚሄደው ጠባቂ፣ ያዝ አደረገንና በዱላው ጓሳውን ገፋ አደረገው። ሣሩ ከሥሩ አፈር አልነበረውም። ወደ ባዶው ተንጠልጥሎ ነበር የበቀለው። ከላይ ሲያዩት ግን መሬት ነው የሚመስለው። ከዚያን ቀን ወዲህ ድንጋይ ካልረገጥኩ ጠርዝ አልጠጋም። ነፋሱም ድንገት ነው የሚመጣው፤ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ።

ስካውት ግዴታ ስለሆነ ብቻ የሚይዙና ጥለውት ወደፊት የሚሄዱ አሉ። የበቅሎው መንገድና የአፋፉ መንገድ ይለያያሉ፤ ጉም ከወረደ ልዩነቱን የሚያውቀው እሱ ነው። ሳትነሱም የመንገዱንና የአካባቢውን ፀጥታ ደባርቅ ካለው የፓርኩ ቢሮ ጠይቁ።

ጭላዳዎች አጠገባችሁ ድረስ ይመጣሉ። ብስኩት አትወርውሩላቸው፣ ምግባቸው ሣር ነው።

ልብስ ላይ አትሳሳቱ። በበጋ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጋቢ እንኳ ብቻውን አይበቃም። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ፊት ይልጣል። ክረምቱን እለፉት። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ዝናቡ ቆሞ መስኩ ገና አረንጓዴ ነው፣ እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

የመጨረሻው የካርታ ስህተት ነው። ከግጭ በእሜት ጎጎ በኩል አፋፉን ይዞ ጨነቅ የሚደርሰው መንገድ ወረቀት ላይ አጭር ይመስላል። ግን ወርዶ እንደገና እናትዬ የሚባለው 4,070 ሜትር ጫፍ ላይ ይወጣል። ሙሉ ቀን ስጡት። ምሳችሁን እናትዬ ላይ ብሉና ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ወደ ማታ ጨነቅ አካባቢ ዋልያዎች ለግጦሽ ይወጣሉ፤ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ከደረሳችሁ ልታገኟቸው ትችላላችሁ።