ታብሌት ወይስ ኪንድል? ለማንበቢያ የሚሆናችሁን እንዴት ትመርጣላችሁ

ታብሌትንም ኪንድልንም (አማዞን የሚሠራውን የመጽሐፍ ማንበቢያ) ገዝቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተሳስቻለሁ። ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ ለማንበቢያ የሚሆን ዕቃ ስትፈልጉ እኔ የከሰርኩትን እንዳትከስሩ ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ፋይላችሁን እዩ

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ስልካችሁን ክፈቱና ያጠራቀማችኋቸውን መጻሕፍት ተመልከቱ። አብዛኛው የእንግሊዝኛ ልቦለድ ከሆነ ነገሩ አለቀ፤ ኪንድል ወይም ተመሳሳዩን ማንበቢያ ኮቦን ግዙ። ባለ ቀለም ሥዕልና ሠንጠረዥ የበዛበት የትምህርት መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ ባለ 10 ኢንች ታብሌት ነው የሚያዋጣችሁ። የአማርኛ መጽሐፍ ከሆነ ግን ቀጣዩን ሳትዘሉ አንብቡ።

የአማርኛውን ፋይል ፈትኑ

የመጀመሪያው ስህተቴ እዚህ ጋ ነው። የአጎቴ ልጅ ከውጭ ስትመጣ ባለ 6 ኢንች ኪንድል አመጣችልኝ። የዚያኑ ዕለት ማታ አንድ የአማርኛ ፒዲኤፍ ጫንኩበት። ገጹ ሙሉውን ወጣ፤ ፊደሉ ግን ጤፍ አከለ። ሳሰፋው መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣል። አንዱን መስመር ለመጨረስ ወደ ቀኝ እገፋለሁ፣ ለሚቀጥለው ወደ ግራ እመለሳለሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ተውኩት።

ጥፋቱ የኪንድሉ አልነበረም። እጃችን ላይ ያለው የአማርኛ ፒዲኤፍ አብዛኛው መጽሐፉ ገጽ በገጽ ስካን ተደርጎ የተሠራ ነው። ፎቶ ማለት ነው። የፎቶ ፊደል ለብቻው አያድግም፤ ሲያድግ ከነገጹ ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። ፋይሉን ስልካችሁ ላይ ክፈቱና አንድ ቃል ላይ ጣታችሁን አሳርፋችሁ ያዙ። ቃሉ አልመረጥ ካለ ስካን ነው። ከተመረጠ ኮፒ አድርጉና ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት። አማርኛ ሆኖ ከመጣ ዩኒኮድ (ስልኩም ኮምፒውተሩም የሚያውቀው የጋራ የፊደል ኮድ) ነው፤ ጥሩ ነው። የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተዘበራርቆ ከመጣ ግን በድሮ ፎንት የተተየበ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትም በኋላም ብዙ ሰው የሚጽፈው የየራሳቸው ኮድ ባላቸው ፎንቶች ነበር። እንዲህ ያለውን ፋይል እንደ ስካን ቁጠሩት።

ስካኑ ከበዛ ቢያንስ ባለ 8 ኢንች ታብሌት ግዙ። ኪንድሉን አጋድሞ ግማሽ ገጽ እያዩ ማንበብ ይቻላል የሚል ሰው አለ። ሞክሬዋለሁ። ለአሥር ገጽ ይሆናል፤ ለአራት መቶ ገጽ አይሆንም።

ዩኒኮድ የሆነውን ደግሞ ካሊበር በሚባለው ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ወደ ኢፐብ (ፊደሉ ከስክሪኑ ጋር የሚስተካከል የመጽሐፍ ፋይል) መቀየር ትችላላችሁ። የእኔ ኪንድል መጀመሪያ በፊደሉ ቦታ ባዶ ሣጥን ደረደረልኝ። ተበላሽቷል ብዬ ደነገጥኩ። የጎደለው ፎንት ነበር። ኪንድሉን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኙ፣ «ፎንትስ» የሚለው ፎልደር ውስጥ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ጨምሩ፣ ከዚያ መጽሐፉን ከፍታችሁ ከፊደል ምርጫው ውስጥ እሱን ምረጡ። ሁለቱም ፎንቶች በነፃ ይገኛሉ። አንድ ነገር አትርሱ፤ ኢፐብ በኬብል ብቻ ብትገለብጡበት ኪንድል አይከፍተውም። በአማዞን የመላኪያ አገልግሎት ላኩት፣ ወይም በካሊበር ወደ ኤዜድደብሊው3 (የኪንድል የራሱ የፋይል ዓይነት) ቀይሩት። ኮቦ ኢፐብን በቀጥታ ያነባል፤ በዚህ እሱን እመርጣለሁ።

ስክሪኑን ፀሐይ ላይ አውጡት

ሱቅ ውስጥ ሁሉም ስክሪን ያምራል። ባለ ሱቁን አስፈቅዱና በር ላይ አውጡት። እኔ በየቀኑ ከደሴ ኮምቦልቻ እመላለሳለሁ። ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ማንበብ ራስ ያዞራል፤ የማነበው መናኸሪያ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ ነው። የኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ ታብሌቴ የራሴን ፊት ነው የሚያሳየኝ። ኪንድሉ ግን ወረቀት ይመስላል። ስክሪኑ ውስጥ ጥቃቅን ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች አሉ፤ ኤሌክትሪኩ የሚያስፈልገው ቅንጣቶቹን ከቦታ ቦታ ለማንቀሳቀስ፣ ማለትም ገጽ ሲገለጥ ነው። ቻርጁ ሳምንታት የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። መብራት በሚጠፋበት ሰሞን ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

የፊደሉን ጥራትም እዩ። «ብሉ» እና «ብሊ» የሚለዩት በአንዲት ጭረት ነው፤ አንዷ ወገብ ላይ፣ ሌላዋ እግር ላይ። ብዙዎቹ አዳዲስ ኪንድሎች በአንድ ኢንች 300 ነጥብ አላቸው። ስክሪኑ 1280 በ800 ነጥብ የሆነ ባለ 10 ኢንች ታብሌት በአንድ ኢንች 150 ገደማ ነው ያለው። ይህንኑ 1280 በ800 በ8 ኢንች ብትገዙት ወደ 190 ይጠጋል። ስለዚህ ርካሽ ታብሌት ከሆነ ትንሹ ይሻላል ባይ ነኝ። ፊደሉን አሳንሱና ጭረቷ መታየቷን አረጋግጡ።

የታብሌቱን ካርቶን አትመኑ

ሁለተኛው ስህተቴ አሁንም ያመኛል። ካርቶኑ ላይ 256 ጊጋ ይላል፤ ሴቲንግ ውስጥም 256 ይላል። ዋጋው ግን ረክሶብኝ ጠየቅኩ። «አብሽር ወንድሜ፣ ኦሪጅናል ነው» አለኝ ሻጩ። አመንኩት።

አባቴ በእጁ የጻፈው ደብተር ነበር። ገጽ በገጽ ፎቶ አነሳሁና ታብሌቱ ላይ ብቻ አስቀመጥኩት። መጻሕፍትና ፊልም ስጨምርበት ከረምኩ። አንድ ቀን ደብተሩን ስከፍት ግማሹ ግራጫ ሆኗል፣ ሌላው አልከፍትም አለኝ። ዕቃው 256 እንዲል ተደርጎ የተሠራ እንጂ ያን ያህል ቦታ አልነበረውም። ሲሞላ ፋይሉን ያበላሻል። ደብተሩ አሁን አክስቴ ጋ ነው፤ እንደገና ላነሳው ስሄድ የመጨረሻዎቹ ገጾች ቀለም ለቀው ነበር።

ስለዚህ ገና በገዛችሁ ቀን ትልልቅ ፊልም እስኪሞላ ገልብጡበት። ከዚያ መጀመሪያ፣ መሃልና መጨረሻ የገባውን ከፍታችሁ እስከ መጨረሻው ሄዳችሁ እዩ። አንዱ እንኳ እንቢ ካለ መልሱት። «4 ሲደመር 8 ራም» (ራም ታብሌቱ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ ነው) የሚለውም አያታላችሁ፤ ስምንቱ ከማከማቻው የተበደረ ነው። እውነተኛው 4 ነው፤ ለማንበብ እሱ ይበቃል።

ያገለገለ ኪንድል ከሆነ

ሻጩ ፊት ለፊታችሁ ከአካውንቱ ይውጣ፣ እናንተም እዚያው በራሳችሁ ግቡ። አልገባ ካለ፣ ጠፋ ተብሎ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላልና ተዉት።

ታብሌትም ሆነ ኪንድል፣ ከሱቅ ስትወጡ የመመለሻ ቀኑን ደረሰኙ ላይ ሻጩን በእጁ አስጽፉት። ፊልሙን ገልብጦ ለመፈተሽ ሦስት ቀን ይበቃችኋል።