ለማያውቋቸው ሰዎች ዱንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ሲመሩ፦ ችግርና መፍትሄ

ዱንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በወሬ የሚጫወቱት የታሪክ ጨዋታ ነው። ጨዋታ መሪው ታሪኩን ይተርካል፤ ተጫዋቾቹ ገጸ ባሕርይ ሆነው ይወስናሉ፤ ውጤቱን ለመለየት ዳይስ ይጣላል። ከጓደኛ ጋር ቀላል ነው፤ ያልተነገረውም ይገባል። በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ከተማ እንደሚካሄደው ጄን ኮን ባለ የጨዋታ ጉባኤ ላይ ግን ዙሪያዎን የሚቀመጡት እርስ በርስ እንኳ አይተዋወቁም። አብዛኛው ችግር ሳይነገር ከቀረ ነገር ይመጣል።

ሁሉም ጭጭ አለ

"ምን ታደርጋላችሁ?" ሲሉ ሁሉም አንገቱን ይደፋል። ሰልችቷቸው አይደለም፤ እንዳይሳሳቱ ፈርተው ነው። ለሁሉም የተጠየቀውን ደግሞ ማንም አይመልስም። በየፊታቸው የስም ካርድ ያስቁሙና አንዱን በገጸ ባሕርይው ስም ይጥሩ። ምርጫም ይስጡ፦ "በሩ ሊዘጋ ነው። ትሮጫለህ ወይስ ጓደኛህን ትጠብቃለህ?"

አንዱ ብቻ ያወራል

ብዙውን ጊዜ ክፋት የለበትም፤ ዝምታው ጨንቆት ነው። ሐሳቡን ይቀበሉና ወዲያው ዝም ያለውን ይጠይቁ። ካልተወ በእረፍት ሰዓት ለብቻው ይንገሩት። በሰው ፊት ማሳፈር ጠረጴዛውን ሁሉ ያቀዘቅዘዋል።

የአንዷ ፊት ተለወጠ

ታሪኩ ቁስሏን ነክቶ ይሆናል። ለእኔ ከሁሉም የከበደው ችግር ይህ ነው፤ የማያውቁትን ሰው ሕመም አስቀድሞ መገመት አይቻልም። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት በታሪኩ ውስጥ ምን እንዳለ ይናገሩ፦ ደም፣ ሸረሪት፣ አደጋ ላይ የወደቀ ሕፃን። ምን እንዲቀር እንደሚፈልጉም ይጠይቁ።

ከዚያ ጆን ስታቭሮፖሎስ ያስተዋወቀውን ኤክስ ካርድ መሃል ላይ ያስቀምጡ። አንድ ወረቀት ላይ የኤክስ ምልክት መሣል ይበቃል። ማንም ሰው ካርዱን ከነካ ያ ነገር ከታሪኩ ይወጣል። ለምን ብሎ መጠየቅ የለም። ሰው መጀመሪያ መንካት ያፍራል፤ ስለዚህ ቀለል ባለ ነገር እርስዎ ቀድመው ይጠቀሙበት። ያለዚህ ካርድ ለእንግዳ ሰው ባይመሩ እመርጣለሁ።

የሕግ ክርክር ተነሳ

አንዱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 የወጣውን የጨዋታውን ሕግ መጽሐፍ ያውቃል፣ ሌላው የ2024ቱን። በየትኛው እንደምትጫወቱ ገና ሲጀመር ይናገሩ። ክርክር ከተነሳ እዚያው ወስነው ይለፉ፤ መጽሐፉ በኋላ ይገለጣል።

ሰዓቱ እያለቀ ነው

በጉባኤ ላይ ለአንድ ጨዋታ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው የ4 ሰዓት ጊዜ ነው፤ ውጊያ ደግሞ ጊዜ ይበላል። ማሸነፋቸው ከታወቀ የቀረው ጠላት ይሽሽ ወይም እጁን ይስጥ። ከመሃል የትኛው ትዕይንት ቢዘለል ታሪኩ እንደማይጎዳ ቤትዎ ሳሉ ይወስኑ። የመጨረሻው ሰዓት ሲጀምር ተጫዋቾቹ የትም ይሁኑ የት ወደ ፍጻሜው ይውሰዷቸው።